ወረቀት የሌላቸው ጥቅሎች

የእህቴ ልጅ ዝርዝሩን ይዛ የመጣች ዕለት መጀመሪያ የጠየቅኋት ማን እንደላከው ነው።

"ማንም አልላከውም፣ አክስቴ። ከፕሮግራሙ ውስጥ ራሴ ነኝ ያወጣሁት።"

ማንም ያልላከው ዕቃ በእኔ ጊዜ መጋዘን አይገባም ነበር። አብደራፊ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የእርሻ ድርጅት የትራክተር መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በረዳትነት ገባሁ፤ በጡረታ ወጣሁ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ዕቃ ደጅ ላይ ፀሐይ ይመታዋል እንጂ በሩን አያልፍም። የወጪው ደረሰኝ ካልተቆረጠ ደግሞ አንዲት ብሎን አትወጣም። በየመደርደሪያው ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፤ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደቀረ ይጻፍበታል። በካርድ ላይ "ልዩ ልዩ" ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሌላ ሰው ጽፎ ካየሁ፣ ከዚያ ቃል ጀርባ የተቀመጠ ነገር አለ እላለሁ። ብዙ ጊዜም ነበረ።

ስለዚህ ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት መነጽሬን አደረግሁ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አይመስሉም። ግማሽ ቃል ከግማሽ ቃል ጋር በሰረዝ ተቀጥሏል። ሰባ አንድ ናቸው።

የእህቴ ልጅ መተማ ዮሐንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል አሥራ ሁለት ማሽኖች አሉ፤ አንዳቸውም አይነሡም። ሲከፈቱ ሰማያዊ ገጽ ያወጡና ይቆማሉ። እሷ ከጎንደር በፍላሽ ያመጣችውን፣ ነጻ ነው የሚባለውን ሌላ ሲስተም ልትጭንባቸው አሰበች። አዲሱ ርዕሰ መምህር ግን የዋዛ ሰው አይደለም። "በመንግሥት ማሽን ላይ የሚገባውን እያንዳንዱን ነገር በአማርኛ ጽፈሽ አምጪ፤ ኮሚቴው አይቶ ይፈርምበታል" አላት።

ከከተማው ነዋሪ ከተመረጠው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባላት አንዷ እኔ ነኝ። ንብረት ነክ ነገር ሲሆን ሌሎቹ የእኔን ብዕር አይተው ነው የሚፈርሙት። ልጅቱ ወደ እኔ የመጣችው አማርኛዬንና የእጅ ጽሑፌን ፈልጋ ነው ወይስ ፊርማዬን ከወዲሁ ልታለዝብ? ይህን አልጠየቅኋትም። በልቤ ግን ያዝሁት።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ትንንሽ ጥቅሎች ናቸው። ሲስተሙ ሲጫን አስቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው። አንዱ ቋንቋ ይጠይቃል፣ አንዱ ሰዓት ያስተካክላል፣ አንዱ ኪቦርዱን ያውቃል። ትልቁን ሲስተም ያስገቡና ይጠፋሉ።"

"ወዴት ነው የሚጠፉት?"

"የትም። የሚቆዩት ራም ላይ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ የሉም።"

"ሠርተው የሚጠፉ።"

"አዎ።"

"ነጻ።"

"ነጻ።" ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ወረቀታቸውስ? ማን እንደሠራቸው፣ ምን እንደሚያደርጉ የሚናገር?"

እዚህ ላይ ትንሽ አመነታች። "ትላልቆቹ ጥቅሎች ከየራሳቸው መግለጫ ጋር ነው የሚመጡት። ከትንንሾቹ ላይ ግን መግለጫው ተነሥቷል። እንዲቀሉ ነው። ለዚህ እኮ ነው ቁጭ ብለን የምንጽፍላቸው።"

"በዚህ ከተማ ወረቀቱን ጥሎ፣ ቀለል ብሎ የሚያልፍ ዕቃ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

"አክስቴ…"

"ስሙን ጥሪው።"

"ኮንትሮባንድ። ግን ይኼኮ…"

"ግን የለም። ብዕር አምጪና እንጀምር።"

ሥራውን ቤት ውስጥ ልንሠራው እንችል ነበር። እኔ ግን የማላየውን ዕቃ አልመዘግብም፤ ማሽኖቹ ባሉበት ይሁን አልሁ። ወሩ ሚያዝያ ነው። መተማ በሚያዝያ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አእምሮ አይሠራም፤ ስለዚህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ይዘን እንሄድ ነበር። ከባድ መኪኖቹ ከጉምሩክ ጀምሮ ተሰልፈው ቆመው እናልፋቸዋለን።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ ይኖራሉ። አንዱ ዘበኛው ነው፤ በወጣትነቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭድ የኖረ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙ የማያንስ ሰው ነው። ሌላዋ ከኒሙ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ወጣት ሴት ናት። የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። አገር ሲታወክ ቤተሰቧ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ሱዳን ደግሞ ሲታወክ ተመለሰች። የነርስ ትምህርት ልትማር የአራት ዓመት ውጤቷን የሚያሳይ ትራንስክሪፕት ተጠይቃለች። ያለዚያ ወረቀት አይቀበሏትም፤ የመመዝገቢያው ጊዜም እየተገባደደ ነበር።

ወረቀቱ ግን የለም። አገር በታወከበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ማሽኖቹን በየሰው ቤት አከፋፍለው ደብቀው ነበር። አሥራ ሦስት ነበሩ፤ አሥራ ሁለቱ የኮምፒውተር ክፍሉ፣ አንዱ የሪከርድ ክፍሉ። የተማሪ ውጤት ሁሉ ያለው በዚያ በአንዱ ላይ ነው። የወረቀቱን ሮስተር የክረምት ዝናብ በተነቀለ ቆርቆሮ ገብቶ አጠበው። ሰላም ሲሆን የተመለሱት አሥራ ሁለት ናቸው። አዲሱ ርዕሰ መምህር ቆጠረ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ አሥራ ሁለት ተመልሶ የሪከርድ ክፍሉ አንድ ጠፍቷል ብሎ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። ኮሚቴው ፈረመ። እኔም ፈርሜአለሁ።

"ዛሬም ኮምፒውተር ልትመረምሩ ነው?" ይላል ዘበኛው። "እትዬ፣ እርስዎ ካሉ እኮ ሌባ በገዛ እግሩ መጥቶ ስሙን ያስመዘግባል።"

"በርህን ጠብቅ" እለዋለሁ።

ወጣቷ ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ እጅ ትነሣኛለች። እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። ያን ሰሞን ዓይኗን አላየሁም።

ለእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ካርድ አደረግሁ። ስም፤ ሥራ፤ ከማን ጋር እንደሚገባ፤ ሲጨርስ ይቀር እንደሁ ወይም ይወጣ እንደሁ። ልጅቱ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የማይገባኝን ካልገባኝ አልጽፍም ነበር፤ በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ካርድ አንድ ማለዳ ይፈጅ ነበር።

ከጥቅሎቹ አንዷ የሴት ስም አላት። ሥራዋ ሌሎቹን ጥቅሎች ካሉበት እየፈለገች ማምጣት ነው። እሷ ካልመጣች አይመጡም።

ዘበኛው ሻይ ይዞልን ገብቶ ይህን ሰማ። "ደላላ ናታ!" አለ። "በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሰው የምታመጣ። እኛንም አንዲት እንደዚህ ያለች ሴት ነበረች ከጎጃም ሰብስባ ገዳሪፍ የምትጥለን። ቀን ቆጥራ ታስረክበናለች፤ ኸላስ፣ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያገኛታል?"

"ይቺም ትጠፋለች" አለች ልጅቱ።

"አላልሁም?" አለ ዘበኛው። "እትዬ፣ ደላላ ብለው ይጻፉ። ሁሉም ሰው ይገባዋል።"

ደላላ ብዬ አልጻፍሁም። "ሌሎች ጥቅሎችን ፈልጋ ታመጣለች" ብዬ ጻፍሁ። ግን ስማቸውን ሳትነግረን ታመጣ እንደሁ ጠየቅሁ። ያመጣቻቸውን ስም በስም ትጽፋለች አለችኝ ልጅቱ። አሳዪኝ አልኋት፤ አሳየችኝ። ከዚያ ካርዱን ደረደርሁት።

ሌላው በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ያያል። እሱን አልወደድሁትም። ቤት እየገባ ዕቃ የሚያይ ሰው አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ያያል፣ በኋላ ይመጣል። አንዱ ደግሞ የተኛ ማሽን ዲስክ ሳይነካ ከፍቶ ያሳያል። ይህን ስትነግረኝ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

"ባለቤቱ ሳያውቅ?"

"ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያዝዘው። ማሽኑ አልነሣ ሲል፣ ውስጥ ያለውን ለማትረፍ ነው።"

"ያያል እንጂ አይወስድም?"

"አይወስድም። አይጽፍበትምም።"

"አይጽፍበትም" የሚለውን ቃል ከሥሩ አሰመርሁበት።

ልጅቱ በመካከሉ እየወጣች በስልክ ታወራ ነበር። በርቀት፣ ድምፅ ቀንሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ሦስተኛው ቀን ላይ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ፍላሹን የሰጣት የጎንደር ሰው ነው፤ የማታውቀውን ጥቅል እየጠየቀችው ነው። ታዲያ ለምን ተደብቀሽ አልኋት። "አላውቅም ስል እርስዎ እንዳይሰሙኝ ነዋ" አለች። መልሱ ደኅና መልስ ነው። ቢሆንም ስልኳን ስትዘጋ ስንት ደቂቃ እንዳወራች አየሁ።

ሰባ አንዱ ካርድ ሲሞላ፣ ሲጠፉ ካላየሁ አላምንም አልሁ። የራሷን አሮጌ ላፕቶፕ አመጣች። ባዶ ነው፤ በላዩ ላይ ጫነችበት። እኔ አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀምጬ፣ ጥቅሎቹ በገቡ ቁጥር ካርዳቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርሁ። ለዚህ ማሽን የማያስፈልጉት አልገቡም፤ እነዚያን ለብቻ አደረግሁ። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ። ሲያልቅ አጥፍታ አስነሣችው።

"አሁን ፈልጊልኝ" አልኋት። አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁላት ፈለገች። አንዳቸውም የሉም። የመጀመሪያ ግምቴ ልክ ነበር ልል ነው፤ ሠርቶ የሚጠፋ፣ ዱካ የሌለው።

"ይኼ ግን አለ" አለችና አንድ ማኅደር ከፈተች። ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። "ማን በየትኛው ሰዓት ገብቶ ምን እንዳደረገ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ትተውት የሚሄዱት መዝገብ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። የተሳሳቱትንም ሳይቀር ይጽፋሉ።"

ጥቂት መስመሮችን ከካርዶቼ ጋር አመሳከርሁ። ልክ ነበሩ። ራሴን አሞኛል፣ እንሂድ አልኋት።

ራሴን አላመመኝም። ያመመኝን እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

ማሽኖቹ በየቤቱ ሲደበቁ ሁለቱ ወደ እኔ ነው የመጡት። ያመጣቸው ዘበኛው ነው፤ በአህያ ጋሪ፣ ማሽላ ተጭኖባቸው። አንዷን በእጁ መታ መታ አድርጎ "ይቺኛዋ የሪከርድ ክፍሏ ናት፤ እንደ ዓይንዎ ይያዟት" አለኝ። በጎኗ ላይ ቀይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎባታል። ሁለቱንም ከጓዳ፣ ከሰሊጥ ጆንያዎች ሥር አደረግኋቸው። በነጋታው ቤት ይፈተሻል የሚል ወሬ መጣ። ማን እንደሚፈትሽ የሚያውቅ አልነበረም፤ የመንግሥት ዕቃ የተገኘበት ሰው ግን ለአንዱ ሌባ ነው፣ ለሌላው ሰላይ ነው። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሬ የሁለቱንም ቁጥር አሸሁ። ቀዩ ብዙ አስቸገረኝ፤ በጥፍሬ ነው የጨረስሁት። ልጣጩን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት።

ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ስለጥፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ፍተሻውም አልመጣም።

በኋላ ማሽኖቹ ይመለሱ ሲባል በባጃጅ ጭኜ ወሰድኋቸው። ተቀባዩ አሁን ከከተማው የለቀቀ አንድ መምህር ነው። "ሁለት" አልሁት። "ሁለት" አለ። ደረሰኝ አልቆረጠም፤ እኔም ቁረጥ አላልሁትም። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ብናገር ቁጥሩን ማን ላጠው ይለኛል ብዬ ዝም አልሁ። ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ጠፍቷል ብሎ ሲያስፈርም፣ እኔ ከመለስኋት በኋላ ከዚያ ተሰርቃ ይሆናል ብዬ ተቀባዩን ጠረጠርሁ። ከዚያ ዘበኛውን ጠረጠርሁ። መጠርጠር ሥራዬ ስለነበር አልከበደኝም። የጠፋው ከሌላ ቤት የወጣ የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽን ሊሆን እንደሚችል፣ የሪከርድ ክፍሏም ከእነዚያ አሥራ ሁለት መካከል ተቀምጣ ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ማለት፣ እንዳላውቅ ወደዚያ አላይም ነበር።

ኮሚቴው ዓርብ ሊሰበሰብ ሐሙስ ዕለት የመጨረሻዎቹን ካርዶች በንጹሕ ወረቀት እገለብጥ ነበር። ስለ ዲስክ የሚናገረው ካርድ ላይ ደረስሁ። ልጅቱ ባስጻፈችኝ መሠረት "ዲስኩን ይከፋፍላል፤ ለአዲሱ ሲስተም ቦታ ያስለቅቃል" ይላል።

"ማንን ነው የሚያስለቅቀው?" አልኋት።

ልብስ ታጥፍ ነበር። "ድሮ የነበረውን።"

"የነበረው ወዴት ይሄዳል?"

"ይጠፋል፣ አክስቴ። ፎርማት ይሆናል።"

"ተመልሶ አይገኝም?"

"አይገኝም። ግን እኮ በእነዚያ ማሽኖች ላይ ምንም የለም። የተማሪ ጨዋታና ቫይረስ ነው። አሥራ ሁለቱንም ሰኞ እጨርሳቸዋለሁ።"

"ይህን ለምን አላስጻፍሽኝም?"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነው።"

ካርዱ ላይ "የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ አይመለስም" ብዬ ጨመርሁ። እጄ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ልጅቱ የታጠፈውን ልብስ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጆንያዎቹ ወዳሉበት። በዚያች ሰዓት ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኋትም። ብነግራት ትሸፍነኝ ነበር፤ ማሽኗን በዘዴ ፈልጋ፣ በአጋጣሚ አገኘሁት ብላ፣ ስሜን ሳታነሣ። እኔም እሺ እላት ነበር። ራሴን ስለማውቅ ነው።

ዓርብ ማለዳ አምስት ሆነን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀመጥን። ሰነዱ በወፍራም ክር ተሰፍቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ገጽ እየገለጠ የተወሰነውን ጮክ ብሎ አነበበ። ከአባላቱ አንዱ፣ የሰሊጥ ነጋዴ የሆነው፣ ላቡን እየጠረገ "እኔ እንኳ ሰሊጤን እንዲህ አበጥሬ አላውቅም" አለ። "እማማ ካዩት ምን ቀረው? ብዕሩን አምጡና እንፈርም፤ ሙቀቱ ሊገድለን ነው።"

"እማማ ይቅደሙና" አለ ርዕሰ መምህሩ። ብዕሩን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ያዝሁት። ልጅቱ ከግድግዳው ሥር ቆማ ነበር፤ ፈገግ ብላ ታየኛለች። በመስኮቱ የኒሙ ዛፍ ይታያል።

"አልፈርምም" አልሁ።

ፈገግታዋ ጠፋ። ነጋዴው "ምን ጎደለው?" አለ።

"ሰነዱስ ምንም አልጎደለውም። የጠፋው የሪከርድ ክፍሉ ማሽን አልጠፋም። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። በእኔ ቤት ነበር፤ የንብረት ቁጥሩን የላጥሁት እኔ ነኝ። ስመልስም አልተናገርሁም። ጠፍቷል የሚለውን ቃለ ጉባኤ ፈርሜአለሁ። ሰኞ ቢጫን የተማሪው ውጤት ሁሉ ይጠፋል።"

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ።

"ዘበኛው ይጠየቅ።"

ዘበኛው ተጠራ። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማና ወደ እኔ ዞረ። "አዎ፣ የሪከርድ ክፍሏን ለእትዬ ነው የሰጠኋቸው። ምን ሆነች?"

"ጠፍታለች ተብሎ ሲጻፍ የት ነበርህ?" አለው ርዕሰ መምህሩ።

"በሩ ላይ ነበርሁ፣ ጌታዬ። ማን ጠየቀኝ?"

ነጋዴው ሳቅ አመለጠውና ሳል አስመሰለው።

የእህቴ ልጅ አላየችኝም። "አሁኑኑ ይታያል" ብላ ፍላሹን ከኪሷ አወጣች፤ እኛም ተከትለናት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድን። ማሽኖቹን በየተራ በፍላሹ አስነሣች። ትልቁን ሲስተም አላስገባችም፤ ትንንሾቹን ብቻ ጠራችና ያን ያሰመርሁበትን አዘዘችው፤ የተኛ ዲስክ ከፍቶ የሚያሳየውን፣ የማይጽፍበትን። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ማሽኖቹን በጠመኔ ቁጥር ሰጠኋቸው። አንደኛው ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ዘፈንና ፎቶግራፍ። ሦስተኛው ጨርሶ አልተከፈተም፤ ዲስኩ ሞቷል አለች። በዚያ ጊዜ ወንበር ፈለግሁ። ማንም አላቀረበልኝም፤ ራሴ ሳብሁት።

ዘጠነኛው ላይ ማኅደሮቹ በዓመትና በክፍል ተራ ወረዱ። አንዱን ከፈተች፤ የተማሪ ስም፣ የትምህርት ዓይነት፣ ውጤት።

"ይኼ ነው" አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ማንም እንዳይነካው አዝዞ፣ ሁሉም በሌላ ዲስክ እስኪገለበጥ በሩን በሰው አስጠበቀ። ከዚያ ወደ ቢሮ ተመለስንና ያየነውን በቃለ ጉባኤ ያዝነው። የእኔን ቃል ራሴ ጻፍሁት፤ በካርዱ ቅርጽ፣ ምን እንደገባ፣ ምን እንዳደረግሁበት፣ ምን እንደቀረ። "በሁኔታዎች አስገዳጅነት የሚል እንጨምርበት?" አለኝ ርዕሰ መምህሩ፤ ሊያግዘኝ ነው። ያም እንደ "ልዩ ልዩ" ያለ ቃል ነው፤ አይጨመር አልሁት። ከኮሚቴው ወጣሁ። ሰነዱን ሌሎቹ ፈረሙበት፤ እኔ በጻፊነት ብቻ ስሜን አኖርሁ።

ባጃጁ ጉምሩክን ሲያልፍ የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ "ትናንት ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር" አለች።

"አውቅ ነበር።"

"እኔን ሲመረምሩ ሁለት ሳምንት። በስልክ ማን ጋር አወራሽ እያሉ።"

"አዎ።"

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ መሳቢያ ከፍታ ስታየኝ ሳታሳውቀኝ ትዘጋዋለች፤ ቀድሞ እንዲህ አታደርግም ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድሁት ለማሽኖቹ አዲስ የንብረት ቁጥር እንድለጥፍ ተጠርቼ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለምን እኔን እንደመረጠ አልነገረኝም። ምናልባት ሊክሰኝ ነው፤ ምናልባት ደግሞ ስለጥፍ ሊያየኝ። አሥራ ሁለቱንም ለጠፍሁ። ዲስኩ ከሞተውና ከሪከርድ ክፍሏ በቀር፣ ነጻ የሚባለው ሲስተም በአሥሩ ላይ ይሠራ ነበር። ለምን ነጻ እንደሆነ እስካሁን የሚያጠግብ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

ስወጣ ወጣቷ በሩ ላይ ነበረች። ትራንስክሪፕቱን በእጇ ይዛለች። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ማኅተሙን አየች፣ ገለበጠች፣ ጀርባውን አየች፣ ውጤቷን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። እንደገና ከላይ ጀመረች። እንዲህ ዓይነቱን አያያዝ አውቃለሁ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አላት ዘበኛው። "አንቺ ደግሞ፣ ሐሰተኛ መሰለሽ እንዴ?"

ወጣቷ ወደ እኔ ቀርባ "እማማ፣ ይህን ያህል ጊዜ የት ቆይቶ ነው?" አለችኝ።

"እዚሁ ነበር" አልኋት። "የት እንዳለ እኔ አውቅ ነበር።"

አየችኝ። እኔም አየኋት። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ከልብሷ ውስጥ አደረገች፣ ከዚያ ባጃጅ ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ሄደች። ዛፉ ሥር የነበረው ድንጋይ እስከ ቀትር ባዶውን ቆየ፤ ዘበኛው ከፀሐይ ሲሸሽ ሄዶ ተቀመጠበት።